ቤቲ ፔጅ፦ የፎቶግራፍ ገበያና የአንዲት ሠራተኛ ፊት

በገበያ በሚመራ ኅብረተሰብ ውስጥ ፎቶግራፍ እንደማናቸውም ሸቀጥ ይመረታል፣ ይባዛል፣ ይከፋፈላል፣ ይሸጣል። በዚህ የምርት ሂደት ውስጥ ካሜራ ያለው፣ ማተሚያ ያለው፣ የደንበኞች አድራሻ በእጁ የሚገኝ ሁሉ የየድርሻውን ይወስዳል። ፊቷንና ገላዋን ለካሜራው ያቀረበችው ሠራተኛ ድርሻ ግን ምን ያህል ነው? ምስሉ እርሷን ትቶ ለሃምሳና ለስድሳ ዓመታት ለብቻው ሲሸጥ ሲለወጥስ የማን ንብረት ሆኖ ይቆጠራል? ይህን ጥያቄ በደፈናው ከማንሣት ይልቅ በአንድ ተጨባጭ ሕይወት ላይ መመርመሩ የተሻለ ሆኖ ስላገኘነው፣ ዛሬ የምንጽፈው ስለ አሜሪካዊቷ የፒን-አፕ ሞዴል ስለ ቤቲ ፔጅ ነው።

በዚህ ዓምድ ላይ ስለ አንዲት የግድግዳ ምስል ቆንጆ መጻፉ ከቁም ነገር የራቀ መስሎ የሚታየው አንባቢ አይጠፋም። ሆኖም በየጋራዡ፣ በየወታደር ሠፈሩና በየወንደላጤው ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰካው ምስል ስለ አንድ ሥርዓት የሚናገረው ነገር፣ በምክር ቤቶቹ አዳራሽ ከሚደመጠው ንግግር የሚያንስ አይደለም። እንዲያውም ሁለቱ እንዴት እንደሚገናኙ ከዚህ በታች እናያለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

«ፒን-አፕ» የሚለው ቃል በስፒል ግድግዳ ላይ የሚሰካ ምስል ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ ምስል ከዚያ በፊትም የነበረ ቢሆንም፣ በገፍ የተሠራጨው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነበር። በ1943 የአንድ የሆሊውድ የፊልም ኩባንያ ፎቶግራፍ አንሺ የሆነው ፍራንክ ፖዎልኒ፣ ተዋናይት ቤቲ ግሬብልን በነጭ የዋና ልብስ፣ ጀርባዋን ሰጥታ በትከሻዋ ላይ ዞር ብላ ስትመለከት አነሣት። ምስሉ በብዙ ሚሊዮን ቅጂ ታትሞ ለአሜሪካ ወታደሮች ታደለ። ኩባንያዋም እግሮቿን በ1 ሚሊዮን ዶላር ኢንሹራንስ እንዳስገባ እየለፈፈ ለፊልሞቹ ማስታወቂያ ተጠቀመበት። የጦር አውሮፕላኖች አፍንጫ ላይ የሴቶች ሥዕል ይሣል ነበር። «ያንክ» የተባለው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሳምንታዊ መጽሔትም የፒን-አፕ ገጽ ነበረው። በሌላ አነጋገር፣ መንግሥት ራሱ የፒን-አፕ አሳታሚና አከፋፋይ ነበር ማለት ነው። ወታደሩን ወደ ጦር ግንባር የላከው ክፍል፣ ከስንቁና ከጥይቱ ጋር የሴት ምስል አብሮ አስታጠቀው። ይህን ነጥብ አንባቢ በአእምሮው እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ ወደ ኋላ ላይ እንመለስበታለንና።

ቤቲ ፔጅ በቴነሲ ክፍለ ሀገር በናሽቪል ከተማ ሚያዝያ 22 ቀን 1923 ተወለደች። ከስድስት ልጆች ሁለተኛዋ ነበረች። ቤተሰቡ ሥራ ፍለጋ ከቦታ ቦታ የሚንከራተት ድኻ ቤተሰብ ሲሆን፣ የኤኮኖሚው ቀውስ በመጣ ጊዜ ጨርሶ ተበታተነ። አባትየው ታሥሮ ነበር፤ በልጅነቷ ክብሯን የደፈራትም እርሱ መሆኑን ቤቲ በእርጅናዋ ዘመን ተናግራለች። ወላጆቿ ከተፋቱ በኋላ እናቲቱ ሁሉንም ማሳደግ ስላልቻለች፣ ቤቲና ሁለት እህቶቿ ለአንድ ዓመት ያህል በሕፃናት ማሳደጊያ ኖሩ። እነዚህ ልጃገረዶች የፊልም ተዋናዮችን ጸጉር አሠራርና አቋቋም እያስመሰሉ ይጫወቱ ነበር። ቤቲ ልብስ ስፌትም ተማረች፤ ይህ ሙያ በኋላ ምን ያህል እንደጠቀማት እናያለን።

በትምህርቷ ብርቱ ነበረች። በ1940 ከናሽቪል ሂዩም-ፎግ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስትጨርስ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጣች። በጥቂት ነጥብ ክፍልፋይ ተበልጣ አንደኝነቱን በማጣቷ፣ ለአንደኛው ተማሪ ይሰጥ የነበረው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ነፃ የትምህርት ዕድል አለፋት። አባቱ ባለጸጋ ለሆነ ተማሪ ይህች ክፍልፋይ ከቁጥር የማትገባ ናት፤ ለእርሷ ግን የሕይወት አቅጣጫ ለወጠች። በምትኩ ፒቦዲ ወደተባለው የመምህራን ኮሌጅ ገብታ በ1944 በዲግሪ ተመረቀች። ማስተማር ጀምራ ነበር፤ ወንዶቹ ተማሪዎች ትምህርቱን ትተው እርሷን መመልከት ስለያዙባት ሥራውን ተወችው። ከዚያ በኋላ በጽሕፈት ሥራ በሳን ፍራንሲስኮ፣ ለአጭር ጊዜም በሃይቲ፣ በመጨረሻም በኒውዮርክ ሠርታለች። እንግዲህ ካሜራ ፊት ከመቆሟ በፊት የተማረች የቢሮ ሠራተኛ እንደነበረች ልብ ማለት ይገባል። ስለ እርሷ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ይህን ይዘልለዋል፤ ለገበያው የሚስማማው ከየት እንደመጣች የማትታወቅ የገጠር ቆንጆ ናትና።

በ1950 በኒውዮርክ ኮኒ አይላንድ የባሕር ዳርቻ ስትዘዋወር ጄሪ ቲብስ ከተባለ ፖሊስ ጋር ተገናኘች። ሰውየው በትርፍ ጊዜው ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር። ፎቶ አንሥቶ የሞዴል መታያ ጥራዝ ሊያዘጋጅላት ቃል ገባላት፤ አዘጋጀላትም። ግንባሯ ሰፊ በመሆኑ ጸጉሯን ከፊት ቀጥ አድርጋ በመቁረጥ እንድትሸፍነው የመከራትም እርሱ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች የሚቆረጡት፣ ለኩባንያዎች የንግድ ምልክት እስከመሆን የደረሰው ያ የጸጉር ቁርጥ፣ አንድ ፖሊስ በባሕር ዳር ከሰጠው ምክር የተገኘ ነው።

ከዚያም ወደ «ካሜራ ክለቦች» ተሸጋገረች። እነዚህ ክለቦች በስም የፎቶግራፍ ጥበብ ማኅበራት ሲሆኑ፣ በተግባር ወንዶች ገንዘብ አዋጥተው ሞዴል የሚቀጥሩባቸው ስብስቦች ነበሩ። አንዱን የሚመራው ካስ ካር የተባለ ጃማይካዊ ሙዚቀኛ ነበር። ከአባላቱ መካከል በካሜራቸው ውስጥ ፊልም እንኳ ያልነበራቸው እንደነበሩ ይነገራል። ሕጉ የእርቃን ምስል በገበያ መሸጥን ስለሚከለክል «ጥበብ» የሚለው ስም መጠለያ ሆነ ማለት ነው።

በ1952 ወደ ኢርቪንግ ክሎው ድርጅት ገባች። የዚህ ሰው ንግድ አመሠራረት ራሱን የቻለ ትምህርት ይሰጣል። ክሎው በ1938 በኒውዮርክ 14ኛው ጎዳና ላይ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ያገለገሉ መጻሕፍት መሸጫ ከፈተ። መደብሩ እምብዛም አልሠመረለትም። ወጣቶች ከፊልም መጽሔቶቹ ውስጥ የተዋናዮችን ሥዕል እየገነጠሉ መውሰዳቸውን ባየ ጊዜ ግን፣ መጽሐፉን ትቶ ሥዕሉን ብቻ መሸጥ እንደሚያዋጣ ተረዳ። ከእህቱ ከፖውላ ጋር ሆኖ በፖስታ ትእዛዝ የሚሠራ ትልቅ ንግድ አቋቋመ። ደንበኛ ምን ዓይነት ምስል እንደሚፈልግ በደብዳቤ ይጽፋል፤ ድርጅቱ በዚያው መሠረት አንሥቶ ይልክለታል። አንዳንዶቹ ደንበኞች ሴቶች በገመድ ታሥረው፣ ጅራፍ ተነሥቶባቸው ለማየት ይጠይቁ ነበር። ክሎው በሕግ ላለመያዝ እርቃን የሚባለውን በጥብቅ ከለከለ፤ ወንድም በምስሎቹ ውስጥ እንዲገባ አልፈቀደም። በዚህም ምክንያት የገላ መታየት የተከለከለበት፣ የመታሠር ትርኢት ግን የተፈቀደበት ሸቀጥ ተፈጠረ። የዚያ ዘመን የአሜሪካ ሕግ ነውር ብሎ የቆጠረውና ያልቆጠረው ምን እንደነበር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

ቤቲ በእነዚህ ምስሎች ውስጥ የምትታየው እየሣቀች ነው፤ ወይም ደግሞ ቁጣን በግልጽ በሚታይ ቀልድ እያስመሰለች። ፎቶውን የሚመለከት ሁሉ የሚያስተውለው፣ ነገሩን እንደ ጨዋታ መያዟንና ከካሜራው በስተጀርባ ላለው ሰው ምንም ዓይነት ፍርሃት የሌላት መሆኑን ነው። ከሌሎች ብዙ ሞዴሎች የተለየችበት ምሥጢር ይህ ይመስለናል። ከዚህም በላይ ሥራዋ በመቆም ብቻ የተወሰነ አልነበረም። የምትለብሳቸውን የዋና ልብሶችና የውስጥ ልብሶች አብዛኞቹን በእጇ የምትሰፋው ራሷ ነበረች። ጸጉሯንና መልኳንም የምታሰናዳው እርሷው ናት። በሌላ ሙያ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ የልብስ ስፌት፣ የጌጥና የአቀማመጥ ሥራ እየተባለ ለየብቻው ይከፈልበት ነበር።

በ1954 ወደ ማያሚ ሄዳ ባኒ ዬገር ከተባለች ፎቶግራፍ አንሺ ጋር ሠራች። ዬገር ቀድሞ ራሷ ሞዴል የነበረች ሴት ናት። ከካሜራው ፊት ወደ ካሜራው ኋላ በመሻገሯ የምስሉ ባለቤት ለመሆን የበቃች እርሷ ናት፤ በሁለቱ ሴቶች ዕድል መካከል ያለውን ልዩነት የፈጠረው ይህ ነው። ዝነኞቹን «የዱር» ፎቶግራፎች ያነሡት በፍሎሪዳ በቦካ ራቶን ከተማ በነበረ «አፍሪካ ዩ.ኤስ.ኤ.» በተባለ የእንስሳት መናፈሻ ውስጥ ነበር። ቤቲ የነብር ቆዳ የሚመስል ልብስ ሰፍታ፣ ከሁለት አቦ ሸማኔዎች ጋር ተቀመጠች። እኛ አፍሪካውያን አንባቢዎች በዚህ ላይ ፈገግ ብንል አይፈረድብንም። በፍሎሪዳ አጥር ተበጅቶለት፣ የመግቢያ ዋጋ ወጥቶለት የሚሸጥ «አፍሪካ» ውስጥ፣ የናሽቪል ተወላጅ የሆነች መምህርት የጫካ ሴት ሆና ቆመች። አህጉራችንም በዚያ ገበያ ላይ እንደ እርሷ ያለ ፈቃዷ የምትሸጥ ሞዴል ነበረች።

ከዬገር ፎቶግራፎች አንዱ፣ ቤቲ የገና አባት ቆብ አድርጋ በገና ዛፍ አጠገብ ተንበርክካ ስትጠቅስ የሚያሳየው፣ «ፕሌይቦይ» በተባለው መጽሔት የጥር 1955 እትም መካከለኛ ገጽ ላይ ወጣ። መጽሔቱ ለፎቶ አንሺዋ የከፈለው 100 ዶላር ነበር። ይህ መጽሔት ገና አንድ ዓመቱ ሲሆን፣ በታኅሣሥ 1953 የተነሣውም በሌላ ሴት ምስል ነው። ማሪሊን ሞንሮ በ1949 ሥራ ባጣችበት ወቅት ለቀን መቁጠሪያ በ50 ዶላር የተነሣችውን እርቃን ፎቶግራፍ፣ የመጽሔቱ መሥራች ሂው ሄፍነር ከቀን መቁጠሪያ አታሚው በ500 ዶላር ገዝቶ በመጀመሪያ እትሙ አወጣው። ለሞንሮ ምንም አልከፈላትም፤ በሕግ መክፈልም አይገደድም ነበር። የማተሚያ ፈቃዱ የፎቶው ባለመብት እንጂ የባለፊቷ አልነበረምና።

አሁን ቀደም ሲል ወደያዝነው ነጥብ እንመለስ። በጦርነቱ ዘመን ፒን-አፕን ያደለው መንግሥት በ1955 ከሳሽ ሆኖ ቀረበ። የአሜሪካ ሴኔት የወጣቶችን ጥፋት የሚመረምር ንዑስ ኮሚቴ ነበረው። ይኸው ኮሚቴ በ1954 የሥዕል ታሪክ መጻሕፍትን ሲመረምር ቆይቶ በተከታዩ ዓመት ወደ ፎቶግራፍ ንግድ ዞረ። ሊቀ መንበሩ የቤቲ አገር ሰው፣ የቴነሲው ሴናተር ኤስቴስ ኬፎቨር ነበር። ይህ ሰው በ1950 እና በ1951 በተደራጀ ወንጀል ላይ ያካሄደው ምርመራ በቴሌቪዥን በመተላለፉ ዝና ያተረፈ፣ በ1952 ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን የተወዳደረ፣ በ1956ም የምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩ የሆነ ፖለቲከኛ ነው። የወጣቶች ችግር በእርግጥ ነበረ፤ ይህን አንክድም። ልጁ የሞተበት አንድ አባት በምርመራው ላይ ቀርቦ የሰጠው ቃል ልብ የሚነካ ነበር። ሆኖም ለሥራ አጥነት፣ ለተበተነ ቤተሰብና ለሰፈር ድኽነት መልስ ከመፈለግ ይልቅ የወንጀሉን ምንጭ በፖስታ በሚላክ ፎቶግራፍ ላይ ማግኘት ለምርጫ የሚበጅ አቋራጭ መንገድ ነው።

ክሎው በኮሚቴው ፊት ቀርቦ በራሱ ላይ ላለመመስከር ያለውን የሕገ መንግሥት መብት ጠቅሶ ዝም አለ። ቤቲ ፔጅም መጥሪያ ደርሷት ወደ ችሎቱ ሄደች። ለብዙ ሰዓታት በውጭ ተቀምጣ ጠበቀች። አልተጠራችም፤ እንድትሄድ ተነግሯት ወጣች። ስለ እርሷ ምስል ቀናት ሙሉ የተናገሩት ሴናተሮች የእርሷን ቃል ለመስማት አንድ ደቂቃ አላጠፉም። ክሎው ክስ በመፍራት ኔጋቲቮቹን ማቃጠል ጀመረ። ዛሬ የምናያቸው የዚያ ስቱዲዮ ምስሎች የተረፉት እህቱ ፖውላ የተወሰኑትን በምሥጢር በመደበቋ ነው።

ቤቲ በ1957 ሥራውን አቆመች። ቀጥሎ ያለውን ታሪክ በአጭሩ እናልፈዋለን። በፍሎሪዳ ሳለች ወደ ሃይማኖት ተመለሰች፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤቶች ገባች። ወንጌላዊት ሆና ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ብትጠይቅም ባሏን የፈታች በመሆኗ አልተቀበሏትም። ደጋግማ አገባች፤ ደጋግማም ተፋታች። ከዚያም በአእምሮ ሕመም ተያዘች። በሕመሙ ሳለች በ1979 እና በ1982 በካሊፎርኒያ ሰዎችን በስለት በማጥቃት ተያዘች። ለድርጊቷ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ተጠያቂ እንዳልሆነች ተወስኖ ለዓመታት በመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታል ቆየች። የወጣችው በ1992 ነው።

ከሆስፒታሉ ቅጥር ውጭ በዚያው ጊዜ የሆነው ነገር ይህ ነው። ዴቭ ስቲቨንስ የተባለ ሠዓሊ በ1982 በጀመረው «ዘ ሮኬቲር» በተባለ የሥዕል ታሪክ ውስጥ የጀግናውን ወዳጅ በቤቲ ፔጅ መልክ ሣላት፤ ስሟንም ቤቲ አላት። በ1987 ስለ እርሷ ብቻ የሚጽፍ «ዘ ቤቲ ፔጅስ» የተባለ መጽሔት መታተም ጀመረ። ፖስተሩ፣ ካርዱ፣ የክብሪት መያዣው፣ የንቅሳቱ ናሙና ተከታትሎ መጣ። ሮኬቲር በ1991 ፊልም ሲሆን የልጅቷ ስም ጄኒ ተብሎ ተለወጠ። ይህ ሁሉ ንግድ በሚጧጧፍበት ጊዜ ባለፊቷ ምንም የማታውቅ ታማሚ ነበረች። ስትወጣ የምትኖረው በመንግሥት ጡረታ ነበር። በሚገባ የምናመሰግነው ስቲቨንስን ነው። በሕይወት መኖሯን ባወቀ ጊዜ ፈልጎ አገኛት፤ በመልኳ ስለተጠቀመበትም ገንዘብ ከፈላት፤ ወዳጅም ሆናት። ከዚህ ሁሉ ነጋዴ መካከል ዕዳ እንዳለበት ሳይጠየቅ የተሰማው አንድ ሥዕል ሠሪ መሆኑ ለማናችንም እንግዳ ሊሆን አይገባም።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ጥቂት ረዳት። ካሊፎርኒያ በ1985 ባወጣው ሕግ የዝነኛ ሰው ስምና መልክ ከሞተም በኋላ በወራሾቹ እጅ የሚቆይ ንብረት መሆኑን ተቀብላ ነበር። ሄፍነርም በእርጅናዋ ጊዜ መብቷን የሚያስከብር ወኪል እንድታገኝ ረድቷታል፤ ይህን መካድ ተገቢ አይሆንም። በመጨረሻዎቹ ዓመታቷ ገቢ ማግኘት ጀመረች። ከሞተች ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ «ፎርብስ» የተባለው የከበርቴዎች መጽሔት ብዙ ገንዘብ የሚያስገቡ ሟቾችን በዘረዘረበት ሰንጠረዥ ውስጥ ስሟ ከአልበርት አይንስታይን ጋር ተሰልፎ ተገኘ። በላስ ቬጋስ በስሟ የሚጠራ የልብስ መደብር ተከፍቶ ነበር። የዋና ልብሷን በራሷ መርፌ የሰፋችው ሴት የልብስ ምልክት ሆነች።

ስለ ውርሷ የሚከራከሩት ሁለት ወገኖች ናቸው። አንደኛው ወገን የሴት ልጅ ነፃነት አብሣሪ ያደርጋታል፤ የዘፋኞችንና የመድረክ ተዋናዮችን አለባበስ፣ ከእነ ማዶና እስከ ዲታ ቮን ቲስ፣ እየጠቀሰ ይሟገታል። ሁለተኛው ወገን የብዝበዛ ሰለባ ብቻ አድርጎ ያያታል። እኛ ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ አንቀበልም። እርሷ ራሷ በሥራዋ እንደማታፍር፣ ከቢሮ ጽሕፈት የተሻለ ገንዘብ ያገኘችበት መሆኑንም በግልጽ ተናግራለች። ይህን ቃሏን ማክበር ይገባል። ነገር ግን አንድ ሠራተኛ ሥራውን በፈቃዱና በደስታ መሥራቱ የደሞዙን ጥያቄ አይዘጋውም። ፈገግታዋ የራሷ ነበር፤ የፈገግታዋ ሒሳብ ግን በሌሎች መዝገብ ተጻፈ።

በእጇ የቀረ አንድ መብት ነበር፤ እርሱንም በሚገባ ተጠቀመችበት። ከእርጅናዋ በኋላ ፊቷን ለካሜራ መስጠት እምቢ አለች። ጋዜጠኞች ቃለ መጠይቅ ሲያደርጉላት ድምፅዋን ብቻ ትሰጣለች። በ2005 በሜሪ ሃሮን የተሠራው የሕይወቷ ፊልም በሌላ ተዋናይት ፊት ታየ። ማርክ ሞሪ በ2012 ባወጣው ዘጋቢ ፊልም ውስጥም ተራኪዋ እርሷ ራሷ ስትሆን፣ የሚሰማው የደቡብ አሜሪካ ክፍለ ሀገሮች ቅላጼ ያለው የአሮጊት ድምፅ፣ የሚታየው ግን የ1950ዎቹ ወጣት ነው።

ቤቲ ፔጅ በልብ ሕመም ምክንያት ታኅሣሥ 11 ቀን 2008 በሎስ አንጀለስ ሞተች። የተቀበረችው ዌስትውድ በተባለው ትንሽ የመቃብር ቦታ ነው። በ50 ዶላር የተነሣችው ማሪሊን ሞንሮም ያረፈችው እዚያው ነው። ከሞንሮ ጎን ያለውን ባዶ የመቃብር ክፍል፣ ቤቲ ከሆስፒታል በወጣችበት በዚያው በ1992 ዓመት፣ ሂው ሄፍነር በ75,000 ዶላር ገዝቶ አቆየው፤ በ2017ም ገባበት።